ሳይንቲስት ሳይሆኑ የአየር ንብረት ሳይንስን ማወቅ፦ ጎጃም ላለ ሰው ከየት ይጀመራል?

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያልሰማ የለም። ሬዲዮው ያወራዋል፣ የግብርና ባለሙያው በየስብሰባው ያነሳዋል፣ ቴሌግራሙም በሱ ተሞልቷል። ችግሩ የሚደርሰን ድምዳሜው ብቻ መሆኑ ነው። ማን ለካው? እንዴት ታወቀ? ምን ያህል እርግጠኛ ናቸው? ይህን የሚነግረን የለም። ስለዚህ አንዱ የሰማውን ሁሉ ይቀበላል፣ ሌላው "የፈረንጅ ወሬ ነው" ብሎ ሁሉንም ይጥላል። ሁለቱም ግን ነገሩ አልገባቸውም።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የሚቲዎሮሎጂ ሰው አይደለሁም። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ላለ ሰው ነው፤ ለመምህር፣ ለተማሪ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ስልኩን ለሚጎረጉር ባለ ሱቅ። ዲግሪ አያስፈልግም። ትንሽ እንግሊዝኛ፣ አራቱ መደብ ሒሳብ፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉት፤ አብዛኛው ሰው ግራ የሚጋባው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው። (ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

1. የራሳችሁን ጥያቄ ያዙ

"ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማወቅ እፈልጋለሁ" ብሎ የተነሳ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል። ርዕሱ ሰፊ ነው። ይልቅ የሚከነክናችሁን አንድ ነገር ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ደብረ ማርቆስ እውነት ከድሮው ሞቃለች? ክረምት የሚገባበት ጊዜ ተቀይሯል ወይስ እኛ ረስተን ነው? ወባ የማይታወቅበት ደጋ ላይ ዛሬ ወባ የሚታየው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በልኬት የሚመለስ ይሁን። "ሰማይ ተቆጣን ወይ?" የሚለውን ዲግሪና ሚሊ ሜትር አይመልሰውም። "ደጀን ላይ በሰኔ የሚዘንበው ዝናብ ከዛሬ 40 ዓመት በፊት ከነበረው ቀንሷል ወይ?" የሚለው ግን መልስ አለው። ከሁለት ጥያቄ በላይ አትያዙ።

2. ከክርክሩ በፊት ፊዚክሱ ይግባችሁ

መሠረቱ አጭር ነው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች። ምድርም የተቀበለችውን ሙቀት በዓይን በማይታይ ጨረር መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። አብዛኛው አየራችን፣ ማለትም ናይትሮጅንና ኦክስጅን፣ ይህን ጨረር ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የውኃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ግን ይይዙትና ከፊሉን ወደ ታች ይመልሱታል። ጋቢ ራሱ እሳት የለውም፤ የገላችሁን ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ስለሚይዝ ነው የሚያሞቃችሁ። ካርቦን ሲጨምር ጋቢው እየተደረበ ነው ማለት ነው።

ይህ ትናንት የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት የመስታወት ቱቦ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ተራ አየር ካለበት ይልቅ እንደሚሞቅ አሳየች። ጆን ቲንዳል ከ1859 ጀምሮ እነዚህ ጋዞች ሙቀት እንደሚይዙ በመሣሪያ ለካ። ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ ደግሞ በ1896 ካርቦኑ እጥፍ ቢሆን ምድር በስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ በእጁ አሰላ። 1896 የአድዋ ዓመት ነው። "የዘንድሮ ሴራ ነው" የሚላችሁ ሰው ካለ ይህችን ብቻ ንገሩት።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ቻርልስ ኪሊንግ ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ በ1958 መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በ2024 ወደ 424 ደርሷል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር፤ ይህም የታወቀው አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ተይዞ ከቀረ የጥንት አየር ነው።

"ከእሳተ ገሞራ ቢመጣስ? ፀሐይዋ በርትታ ቢሆንስ?" ካላችሁ ደግ ጠየቃችሁ። የዓለም እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚያወጣው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የከሰልና የነዳጅ ካርቦን ደግሞ መለያ አለው። ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ስለቆየ ራዲዮካርቦን የሚባለው ዓይነት ጨርሶ አልቆበታል፤ ይህ አሮጌ ካርቦን እየገባ የአየሩን ራዲዮካርቦን ማሳሳቱም ተለክቷል። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ደግሞ የከባቢ አየሩ ላይኛው ክፍል አብሮ መሞቅ ነበረበት። የታየው ግን ታቹ ሲሞቅ፣ ላዩ ማለትም ስትራቶስፌር ሲቀዘቅዝ ነው። እኔን ያሳመነኝ ይኼ ነው። "ሳይንቲስቶች ተስማምተዋል" የሚለውን ስሰማ ብዙም አልመሰጥም ነበር፤ ይህን ሳነብ ግን ነገሩ አለቀልኝ።

3. ሙቀትንና ዝናብን ለያይታችሁ ያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፣ ምክንያቱም እኛ አካባቢ ግማሹ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዘንድሮ መድረቁ ወይም ትናንት መዝነቡ ለብቻው ስለ አየር ንብረት ምንም አይናገርም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የአንድን ቦታ "መደበኛ" የሚያወጣው የ30 ዓመት አማካይ ወስዶ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ስለዚህ ከ30 ዓመት ያነሰ ማስረጃ ይዞ "ተለውጧል" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጆሯችሁን አቁሙ።

አሁን ሙቀቱ። የዓለም አማካይ ሙቀት በ2011–2020 አሥርት ዓመት ከ1850–1900 በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጧል፤ 2024 ለብቻው 1.55 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ወደኛ ስንመጣ ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ እንደጨመረ ተጠንቷል። የሌሊቱ ቅዝቃዜም እየቀነሰ ነው፤ ከ1951 እስከ 2006 ዝቅተኛው ሙቀት በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ያህል ሲጨምር ነበር። ይህ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

ዝናቡስ? ያው ከ1960 እስከ 2006 ያለውን መረጃ የመረመረው ጥናት በየትኛውም ወቅት በአገር አቀፍ አማካይ ዝናብ ላይ ግልጽ የሆነ አዝማሚያ አላገኘም። ቀንሷልም፣ ጨምሯልም ለማለት ይከብዳል። የኛ ዝናብ ከዓመት ዓመት በጣም ይዋዥቃል፤ እንዲህ የሚዋዥቅ ነገር ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ ለውጥ ቢኖር እንኳ ቶሎ አይታይም። አንድ ክረምት ጎርፍ፣ በነጋታው ዓመት የነሐሴ ፀሐይ። የኛን ክረምት ከሚያዋዥቁት ዋናው ኤልኒኖ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊና ማዕከላዊ ክፍል ሲሞቅ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት የመሳሳት ዝንባሌ ያሳያል፤ ላኒና፣ ማለትም ያው ክፍል ሲቀዘቅዝ ደግሞ የመበርታት። የ2015ቱን ድርቅ ታስታውሳላችሁ፣ ኤልኒኖ ነበር።

የወደፊቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሁሉም ሞዴሎች፣ ማለትም የወደፊቱን አየር ንብረት በኮምፒውተር የሚያሰሉት፣ ሙቀት ይጨምራል ይላሉ። የአባይ ተፋሰስ ጠቅላላ ዝናብ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለው ላይ ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የተሻለ እርግጠኝነት ያለው የዝናቡ አወራረድ ላይ ነው። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውኃ ተን መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሲዘንብ የከበደ ዶፍ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ይህ ለጎጃም ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ያው የወሩ ድምር ሳይለወጥ ዝናቡ በጥቂት ቀን ተጠራቅሞ ከወረደ አፈሩን ይዞት ነው የሚሄደው።

እንግዲህ "ሞቋል" ሲባል ተቀበሉ። "የጎጃም ክረምት በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ቀንሷል" ሲባል ግን የት ጣቢያ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛው ወር ብላችሁ ጠይቁ።

4. አይፒሲሲን ከትንሿ ጀምራችሁ አንብቡ

አይፒሲሲ በ1988 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ነው። ራሱ ምርምር አይሠራም፤ የታተሙትን ጥናቶች ሰብስቦ ይመዝናል። በ2021 የወጣውን የስድስተኛው ሪፖርት የመጀመሪያ ክፍል 234 ደራሲዎች ጻፉት፣ ከ14,000 በላይ ጥናቶችንም ጠቅሰዋል። ሙሉውን ለማንበብ አትሞክሩ። ማንም አያነበውም፣ ጸሐፊዎቹም የየራሳቸውን ምዕራፍ ነው የሚያውቁት ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከሪፖርቱ ጋር "ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች" የሚል ለተራ አንባቢ የተዘጋጀ ክፍል አለ። ከሱ ጀምሩ። ቀጥሎ ስለ አፍሪካ የተዘጋጀችውን አጭር ወረቀት አንብቡ፤ አፍሪካ ከዓለም አማካይ በፈጠነ መጠን እየሞቀች እንደሆነ፣ ከባድ ዝናብም በአብዛኛው የአህጉሩ ክፍል እየበረታ እንደሚሄድ እዚያ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ለፖሊሲ አውጪዎች የተዘጋጀው ማጠቃለያ። ይህ ማጠቃለያ የመንግሥታት ተወካዮች ባሉበት መስመር በመስመር የሚጸድቅ ስለሆነ ቋንቋው ጥንቁቅ ነው፤ ያጋነነ ሳይሆን የለዘበ ቢሆን አይግረማችሁ። ዋናዎቹን ምዕራፎች የምትከፍቱት ጥያቄያችሁ እዚያ ሲወስዳችሁ ብቻ ነው።

ስታነቡ እንዲሁ የተጻፉ የሚመስሉ ቃላት ቁጥር እንዳላቸው ልብ በሉ። "የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው" ሲሉ ከ66 በመቶ በላይ ማለታቸው ነው፤ "በጣም ሰፊ ነው" ሲሉ ከ90 በላይ። ከዚህ ሌላ በቅንፍ የሚቀመጥ የመተማመን ደረጃም አለ፦ በጣም ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ በጣም ከፍተኛ። እኔ ሳነብ ከፍተኛውን በአረንጓዴ፣ ዝቅተኛውን በቀይ አሰምርበታለሁ። የዝናብ ገጾች ላይ ቀዩ ሲበዛ ታያላችሁ።

ሪፖርቱ በአማርኛ አይወጣም። በስልክ ማስተርጎም ይቻላል፣ ነገር ግን ቁጥር ወይም አሉታ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያዩ። ፋይሎቹን ደግሞ ኔትወርክ ባለ ቀን አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ነገ ይኑር አይኑር በማን እጅ?

5. የቀያችሁን ቁጥር ራሳችሁ አውጡ

ይኼኛው ደረጃ ለኔ ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል።

ናሳ "ፓወር" የሚባል ነፃ የመረጃ ገጽ አለው። የፈለጋችሁትን ቦታ ካርታው ላይ ትነካላችሁ ወይም ኬክሮስና ኬንትሮሱን ትጽፋላችሁ። ለባሕር ዳር 11.6 እና 37.38 ብትሉ ይበቃል። ከ1981 ጀምሮ ያለውን ወርኃዊ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መርጣችሁ በኤክሴል በሚከፈት ፋይል ታወርዳላችሁ። ከዚያ አሥር አሥር ዓመቱን አማክሉ፦ 1981–1990፣ 1991–2000፣ 2001–2010፣ 2011–2020። የቀኑንና የሌሊቱን ለየብቻ ሥሩ። ለእያንዳንዳቸው አራት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አራት አራቱን ደብተራችሁ ላይ በነጥብ አስቀምጡና አያይዟቸው።

ለዝናብ ቺርፕስ የሚባለው ይሻላል። እሱም ከ1981 ይጀምራል፣ የሳተላይትንና የምድር ጣቢያን መረጃ ያዋሕዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ይሰጣል።

ሦስት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው ቦታ ነው። የናሳው የሙቀት ቁጥር ጎናቸው 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሆኑ ሰፋፊ ካሬዎችን አማክሎ የሚሰጥ ስሌት እንጂ እናንተ ደጅ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር አይደለም። ከጮቄ ብርድ እስከ አባይ በረሃ ባለው ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለውጡን ለማየት ተጠቀሙበት እንጂ "ሰፈራችን ስንት ዲግሪ ነው" ለማለት አትጠቀሙበት።

ሁለተኛው ወር ነው። መረጃው የሚመጣው በፈረንጅ ወር ነው፤ ጁን የሚጀምረው በኛ ግንቦት 24 ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 23 ነው። "ሰኔ ላይ ዝናብ ዘገየ" የሚለውን ክርክር በጁን ድምር ልትፈቱት ብትሞክሩ የግንቦት ማለቂያ ገብቶ ያበላሽባችኋል። ዕለታዊውን አውርዳችሁ በኛ ወር ደምሩት። ትንሽ ያለፋል፣ ግን ሌላ መላ የለውም።

ሦስተኛው መነሻ ዓመት ነው። 1998 ብርቱ የኤልኒኖ ማግሥት ስለነበር ዓለም በጣም የሞቀችበት ዓመት ነው። ከሱ የጀመረ ሰው ለብዙ ዓመት "ሙቀት ቆሟል" ማለት ችሎ ነበር። መነሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀያይራችሁ ሥሩት፤ መልሱ ከተገለባበጠባችሁ መልስ አላገኛችሁም ማለት ነው።

ይህን ከለመዳችሁ አንድ የሚያዝናና ነገር ልጨምርላችሁ። አባቶቻችን ዘመነ ማቴዎስ እንዲህ፣ ዘመነ ሉቃስ እንዲያ ነው ይላሉ። ይህ እኮ ሊፈተን የሚችል አባባል ነው! በ40 ዓመት መረጃ ለእያንዳንዱ ወንጌላዊ አሥር አሥር ክረምት ይደርሰዋል። የኛን 2017 ማቴዎስ ብላችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩና የአራቱን አማካይ አውጡ። ልዩነት ካያችሁ ደግሞ የአንዱ ወንጌላዊ አሥር ክረምቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከቱ። በአራቱ አማካይ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ካልበለጠ ግጥምጥም ሊሆን ይችላል። ስታቲስቲክስ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው።

6. ጣሳ ትከሉ፣ አዛውንት ጠይቁ

የዝናብ መለኪያ ለመሥራት ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳና ማስመሪያ በቂ ነው። ወደ ላይ የሚሰፋ ወይም የሚጠብ ዕቃ አይሆንም። አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጨት ላይ እሰሩት፤ ከቤትና ከዛፍ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያውን አስገብታችሁ የውኃውን ጥልቀት በሚሊ ሜትር አንብቡ፣ ጻፉ፣ ድፉት። በረዶ ከጣለ ቀልጦ ይለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ጥማድ መሬት ላይ 50,000 ሊትር ያህል ውኃ ወርዷል። ባሕር ዳር በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ዜና ላይ የሚነገረው ሚሊ ሜትር ትርጉም ይኖረዋል።

ጣሳው የአየር ንብረት ለውጥን አያሳያችሁም፤ 30 ዓመት መጠበቅ አለባችሁ። የሚያሳያችሁ መለካት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ነው። ጎረቤታችሁም ቢተክል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሱ 35 የእናንተ 12 ሲሆን ስታዩ የዝናብ ጥናት ለምን እንደሚወዛገብ ይገባችኋል።

አዛውንት ስትጠይቁ አጠያየቃችሁን አሳምሩ። "አያ፣ ዝናቡ ቀንሷል አይደል?" ካላችሁ "አዎ ልጄ፣ ምን ዝናብ አለና" ይሏችኋል፤ ማንም ሰው ልጅነቱ የተሻለ ይመስለዋል። በበዓል አስይዛችሁ ጠይቁ። "አያ፣ አንቱ ጎጆ እንደወጡ ሰሞን ለሰኔ ሚካኤል በቆሎው ምን ያህል ደርሶ ነበር? ለሐምሌ አቦስ ጤፍ ይዘራ ነበር ወይስ ገና ነበር?" ከዚህ የሚገኘው መልስ ይመዘናል።

ከፍታም ጠይቁ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየኪሎ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ሙቀት መጨመር ማለት የቆላውና የወይና ደጋው ድንበር ወደ 150 ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። "ድሮ በቆሎ እስከ የት ድረስ ይበቅል ነበር?" የምትለዋ ጥያቄ ከዚህ ቁጥር ጋር ትነጻጸራለች። ይሁንና ፈጥኖ የሚደርስ ዘርና ማዳበሪያም መጥተዋል፤ ገበያውም ተቀይሯል። በቆሎ ጮቄ ሥር መውጣቱ የሙቀት ብቻ ነው ብላችሁ አትዝጉት።

7. የሰማችሁትን ወደ ምንጩ ጎትቱ

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ "ጥናት አረጋገጠ፣ ጣና ሊደርቅ ነው" ቢላችሁ እንዲህ አድርጉ። የትኛው ጥናት? ስሙን አልጠቀሰም? እንግዲያው እዚያው ይቅር። ከጠቀሰ ርዕሱን ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት መፈለጊያ ገጽ ላይ ፈልጉ። ሙሉ ጽሑፉ ቢቆለፍ እንኳ አጭር መግለጫው ክፍት ነው። መግለጫው ውስጥ የት እንደተለካ፣ የስንት ዓመት መረጃ እንደሆነ፣ "ከዚህ በኋላ" የሚለው በየትኛው የሙቀት ግምት እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ ሌሎች ጥናቶች ስለዚያው ምን እንዳሉ እዩ፤ አንድ ጥናት ለብቻው ድምዳሜ አይሆንም። መጽሔቱንም እዩት። ገንዘብ ከተከፈለው ያለ ግምገማ ሁሉን የሚያትም ሞልቷል፣ የኛም አገር ተመራማሪ ሲበላበት አይቻለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። "የአየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ ነበር" የሚል ሰው እውነቱን ነው። የጣናን ግርጌ ደለል የቆፈሩ ተመራማሪዎች ሐይቁ ከ16,000 ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር አግኝተዋል። ጣና! ያኔ ምንም ፋብሪካ አልነበረም። ይህ ግን የአሁኑን አይሽርም። ያኔ የተለወጠው በራሱ ምክንያት፣ በረጅም ዘመን ነው፤ የአሁኑ ምክንያት ደግሞ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያያችሁት ነው። እንዲያውም የኛ ውኃ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያሳይ ይመስለኛል።

8. ሁሉንም በአየር ንብረት አታሳብቡ

ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ምክንያቱም አሁን አሁን "የአየር ንብረት ለውጥ" የሥራ ማስተባበያ ሆኗል።

ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ዋና ምግቡ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው፤ ሙቀት ሊያግዘው ይችላል እንጂ እሱ አላመጣውም። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ምርት ሲያሽቆለቁል መጀመሪያ የሚጠየቀው የአፈር አሲዳማነት ነው፤ መድኃኒቱም ኖራ ነው። "ዛፍ ስለተቆረጠ ዝናብ ጠፋ" የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ዛፍ አፈር ይይዛል፣ ምንጭ ያቆያል፣ እርጥበትም ይመልሳል። የክረምታችን እርጥበት ግን በአብዛኛው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩል፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን። የአዊዋ ፋግታ ለኮማ ወረዳ በዲከረንስ ዛፍ ስለተሸፈነች ብቻ ክረምቷ ከጎረቤቷ ይለያል ብላችሁ አትጠብቁ።

ወባው ደግሞ መካከል ላይ ነው። በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ስለዚህ ሙቀት ድርሻ አለው። የመስኖ ውኃ፣ የሰው እንቅስቃሴ፣ የጤና አገልግሎት መስተጓጎልም አለ። ጥያቄያችሁ ይህ ከሆነ ድርሻ ድርሻቸውን ለመለየት ሞክሩ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የዓመቱን የወባ ቁጥር ብትጠይቁ የሚከለክላችሁ ያለ አይመስለኝም።

9. ሰው ያዙ፣ ጊዜውን ጠብቁ

ብቻችሁን አትዝለቁት። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በዚህ ላይ የሚሠሩ መምህራን አሉ። "ስለ አየር ንብረት ለውጥ ይንገሩኝ" ብላችሁ ከሄዳችሁ ይሸሿችኋል። "ይህን አሥር አሥር ዓመት አማክዬ ይህን አገኘሁ፣ የት ተሳሳትኩ?" ካላችሁ ግን ሻይ ጋብዘው ያስረዷችኋል። የጣቢያ መረጃ ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ በደብዳቤ፣ የትኛው ጣቢያ፣ ከመቼ እስከ መቼ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

በየቀኑ ዜና መከታተል አያስፈልግም። በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀኖች ይበቃሉ። መጋቢት አካባቢ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ያወጣል። ግንቦት ላይ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የክረምት ትንበያ መድረክ ይካሄዳል፤ የኛም ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ያወጣል። ለበጋና ለበልግም እንዲሁ አለ።

ትንበያው የሚመጣው በሦስት ዕድል ተከፍሎ ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። "ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ" ከተባለ 55 በመቶው ሌላ ነው ማለት ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሰፊ አካባቢ እንጂ ስለ እናንተ ማሳ አይደለም። ሦስቱንም ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ቅዱ። መስከረም ላይ ክረምቱ እንዴት እንደነበረ ከጎናቸው ጻፉ። አንድ ዓመት ቢገጥም ወይም ቢስት ምንም ማለት አይደለም። ስድስት ሰባት ክረምት ሲሞላ ግን ትንበያው ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ ዘር ለመግዛት ልትደገፉበት እንደምትችሉ ወይም እንደማትችሉ ከማንም ሳትሰሙ ትናገራላችሁ።